የስካውት ቡድናችን ገንዘብ አስጨንቆኛል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። 24 ልጆች ያሉበት የስካውት ቡድን እመራለሁ። መምራት ከተባለ ማለቴ ነው። ጸሐፊውም፣ ገንዘብ ያዡም፣ የተቀደደ ድንኳን ሰፊውም እኔው ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ለካምፕ ገንዘብ ለማሰባሰብ መኪና ስናጥብ ዋልን። ጠዋት ሁሉም ይሯሯጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ የቀሩት አምስት ናቸው። አንዷ ልጅ ጣቶቿ በውሃ ተጨማደው እንኳ ባልዲዋን አልለቀቀችም። ማታ ስንቆጥረው ከሚያስፈልገን ሩቡን አልሞላም። ይባስ ብሎ አንድ ወላጅ «ገንዘቡ ለካምፑ ብቻ እንደሚውል በምን እናውቃለን?» አሉኝ። ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው፤ የማሳያቸው የገቢና ወጪ ደብተር የለኝም።

የተሰበሰበው ለሁሉም እኩል ይከፋፈል ወይስ ለለፋው ከካምፕ ክፍያው ይበልጥ ይቀነስለት? ለለፋው ካልኩ፣ ቅዳሜ ቤት ሆኖ ታናሽ ወንድሙን ሲጠብቅ የዋለው ልጅ ምን አጠፋ?

ሌላው የመሪነቱ ጉዳይ ነው። የስካውት መሥራቹ ቤደን ፓወል በ1907 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት ላይ ባካሄደው የሙከራ ካምፕ ልጆቹን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ፣ ለየቡድኑ ከራሳቸው መሃል አለቃ ሰጥቷል። እኛም አለቆች አሉን፣ ለስሙ ያህል። ዕቅዱንና በጀቱን ለእነሱ ልተወው? ገንዘብ የ14 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ቢጠፋስ ማን ይጠየቃል?

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ቆጠራውንና ፊርማውን እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ። ካምፑ ስድስት ሳምንት ነው የቀረው።