«ማርያምን» ማለት መሐላ ነው ወይስ ልማድ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ ጫማ ልገዛ ወጥቼ አንድ ነጋዴ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ «ማርያምን» ሲል ቆጠርሁ። «ማርያምን ከዚህ በታች አያዋጣኝም» ባለ በደቂቃው 200 ብር ቀነሰልኝ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 «ከቶ አትማሉ» ብሎ፣ ቃላችን አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም እንዲሆን አዝዞ ሳለ፣ የእኛ ልጆች በመሐላ አፋቸውን ይፈታሉ። በእኔ እምነት ይህ ልማድ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ ኃጢአት ነው። የሚከራከረኝ ካለ ልስማው።

የቋንቋ መምህር፦
እህቴ፣ ነጋዴውን ከመኮነናችን በፊት ቃሉን ብንመረምረው መልካም ነው። «ማርያምን» ግሱ የተዋጠበት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ተሳቢዋ «ን» ብቻዋን ቀርታለች። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዘፍጥረት 42 ላይ፣ ዮሴፍ ወንድሞቹን ሲፈትን «የፈርዖንን ሕይወት» ብሎ የሚምለው በዚሁ ስልት ነው። አያቶቻችንም «ምኒልክ ይሙት»፣ ኋላም «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ይሉ ነበር። ራሳቸው ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ወስልቶ የሚቀረውን ሲያስጠነቅቁ «ማርያምን፣ ለዚህ አማላጅ የለኝም» ብለዋል። ያን የሰማ ሰው ንጉሡ ሐሳባቸውን እንደማይለውጡ ያውቅ ነበር፤ የእርስዎ ነጋዴ ግን 200 ብር ቀንሶልዎታል። ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ መሐላው እንዲህ መርከሱ ነው።

የመሠረተ ክርስቶስ ምእመን፦
የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሜኖናውያን ሚሲዮን የተገኘች ናት፤ የእነርሱም አባቶች፣ የሕፃናትን ጥምቀት የተቃወሙት የአውሮፓ ክርስቲያኖች አናባፕቲስቶቹ፣ እ.ኤ.አ. በ1527 በስዊዘርላንድ ሽላይትሃይም ላይ ከተስማሙባቸው ሰባት አንቀጾች የመጨረሻው መሐላን ፈጽሞ ይከለክላል። ለሹማምንት አንምልም ማለታቸው ከተሰደዱባቸው ምክንያቶች አንዱ ነበረ። በዚህ በኩል ከእህቴ ጋር ነኝ። ነገር ግን የእኛን ቤት ጉድ ልሸፍን አልፈልግም። እኛ «ማርያምን» አንልም፤ በምትኩ «ጌታ ተናገረኝ» እንላለን። አንድ ሰው የግል ፍላጎቱን ይዞ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ጌታ እንዲህ አለኝ» ካለ፣ ተቃዋሚው የሚሟገተው ከሰውየው ጋር መሆኑ ይቀርና ከእግዚአብሔር ጋር ይመስላል። ይህ ከነጋዴው መሐላ ይከፋል እላለሁ፤ ነጋዴው ቢያንስ ዋጋ ይቀንሳል።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፦
ወንድሜ ያነሣው የ1527 ነገር በእኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም እጅግ ይቀድመዋል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ387 በአንጾኪያ በሰበካቸው ተከታታይ ስብከቶች ሕዝቡን መሐላ እንዲተው ደጋግሞ መክሯል፤ ወንጌሉን አቅርበው የሚያስምሉትንም፣ የምታስምሉበት መጽሐፍ እኮ መማልን ይከለክላል እያለ ወቅሷቸዋል። እርግጥ ዕብራውያን ምዕራፍ 6 ላይ እግዚአብሔር በራሱ እንደ ማለ ተጽፏልና፣ የፍርድ ቤቱን መሐላ ከጉሊቱ ጋር አንድ አላደርገውም።

አንድ ነገር ግን እንድትተዉልኝ እለምናለሁ። አክስቴ ጉርሻውን ጠቅልላ፣ ክንዷን ዘርግታ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ስትለኝ እጇ ላይ የሚንጠባጠበውን ወጥ እያየሁ ማቴዎስ 5ን ልጥቀስባት? እርሷ ልታስረግጥ የፈለገችው ውሸት የለም፤ እንድበላላት ብቻ ነው የፈለገችው። በአንጻሩ ዛሬ ማዕተብ ያሰሩ የአዲስ አበባ ልጆች በየወሬው መሐል «ወላሂ» ሲሉ እሰማለሁ። በዐረብኛ በእግዚአብሔር ስም መማል መሆኑን አውቀው የሚሉት አይመስለኝም፤ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቃሉ ክቡር ነው። የእኛን መሐላ አርክሰን ስንጨርስ የሰው መበደራችን ያሳፍረኛል።

ባለሱቅ፦
እኔ ጫማ ባልሸጥም ነጋዴ ነኝና የተወቀስሁት እኔ ነኝ። ሁላችሁም የተናገራችሁት ስለሚምለው ሰው ነው፤ ስለሚያስምለው አንድም ሰው አላነሣም። ከሁለት ዓመት በፊት ንስሐ አባቴ መክረውኝ መሐላ ተውሁ፤ «ዋጋው ቁርጥ ነው» ብዬም ጽፌ ለጠፍሁ። ደንበኛው ጽሑፉን ያነብባል፣ ዕቃውን ያገላብጣል፣ ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ «እስቲ ማርያምን በለኝ» ይላል። አልምልም ስለው «ታዲያ ዋሽተህ ነዋ» ብሎ ጎረቤቴ ዘንድ ይሄዳል፤ ጎረቤቴም ይምልለታል፤ ከእኔ አስበልጦ ይሸጥለታል። ሦስት ወር ቻልሁ። ዛሬ እንደገና እየማልሁ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ልመጻደቅበት አይደለም።

የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ የእርስዎ ነገር መልስ አሳጣኝ። የጫማው ሰው ያለማንም ጠያቂ ነው የማለው፣ ስለ እርሱ ያልሁትን አልመልስም። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ሰኞ ማታ ታላቁን ልጄን የቤት ሥራውን መጨረሱን ጠየቅሁት፤ «አዎ» አለኝ። «ማርያምን በል» አልሁት። እርሱም አለ፤ እኔም አምኜው ደብተሩን ሳልከፍት ወደ ማድቤት ተመለስሁ።