የቀኝ ፊት መሽመድመድ፦ ቤት ውስጥ ምን ይሠራ?

ጥያቄ፦
የእናቴ ቀኝ ፊት ከተጣመመ አምስት ሳምንት ሆነው። ቤልስ ፓልሲ (የፊት ነርቭ በድንገት መድከም) ተብሎ የታዘዘላትን ፕሬድኒሶሎን የሚባል የእብጠት መቀነሻ መድኃኒት ጨርሳለች። ጉንጯ ትንሽ መንቀሳቀስ ጀምሯል፣ ዓይኗ ግን ገጥሞ አይከደንም። ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ነው እያለ ማስቲካ አኝኪ፣ ፊኛ ንፊ ይላታል። ፊቷን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ ኮረንቲ የሚሰጥ ቦታም ጠቁመውናል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ማስቲካውን ተዉት። ማኘክን የሚያዘው አምስተኛው የራስ ነርቭ ነው፤ የታመመው ደግሞ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው። ቀኑን ሙሉ ብታኝክ መንጋጋዋ ይደክማል እንጂ ከንፈሯ አይመለስም። ፊኛም በኃይል ሲነፋ ጤነኛው ጎን ብቻውን ይሠራና አፏን ይበልጥ ወደ ራሱ ይጎትተዋል።

መስታወት ፊት ትቀመጥ። መጀመሪያ በጣቶቿ ከከንፈሯ ጥግ ወደ ጆሮዋ አቅጣጫ ለ5 ደቂቃ ቀስ ብላ ታሽ። ከዚያ ጤነኛውን ጉንጭ በመዳፏ ደገፍ አድርጋ፣ ከንፈሯን ሳትከፍት በጣም ትንሽ ፈገግ ትበል። ሁለቱ ጎኖች እኩል እስከሄዱበት ድረስ ብቻ! ደካማው ከቆመ ጤነኛውም እዚያው ይቁም። 3 ሰከንድ ይዛ ትልቀቅ፤ 5 ጊዜ። ከንፈር ማሞጥሞጥ፣ አፍንጫ መሸብሸብና ቅንድብ ማንሳትም እንደዚሁ። ጭራሽ የማይነሳውን በጣት ታግዘው። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃል፤ ስትደክም ጥራቱ ይበላሻል።

መልስ 2፦
ከስፖርቱ ዓይኗ ይቀድማል። ቀን ሰው ሠራሽ እንባ በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ፣ ማታ የዓይን ቅባት አድርጋ የላይኛውን ቆብ በፕላስተር ወደ ታች ታሽገው። የቁስል ጨርቅ (ጋዝ) በተከፈተ ዓይን ላይ አታድርጉ፤ ብሌኑን ይፍቃል። ለመክደን ስትለማመድ መጀመሪያ ወደ ታች ትመልከት፤ ያኔ ቆቡን ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ይላላል። ዓይኗ ከቀላ፣ ካመማት ወይም ብርሃን ካስቸገራት የዚያኑ ዕለት ለዓይን ሐኪም ትታይ።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ። ኮረንቲውስ?

መልስ 3፦
እኔ አልመክረውም። ጥቅሙ በደንብ አልተረጋገጠም፤ በተለይ መንቀሳቀስ ለጀመረ ፊት ገንዘቡ ለፊዚዮቴራፒስት ቢውል ይሻላል። ነርቭ ተጎድቶ ሲያድግ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ በጉልበት አይፈጥንም። አንዳንዱ የነርቭ ክር መንገድ ስቶ ሌላ ጡንቻ ጋ ይደርሳል። ከ3ኛው ወር በኋላ ፈገግ ስትል ዓይኗ አብሮ ከጠበበ ይኸው ነው። ያኔ መደጋገሙን አቁማችሁ ሥራውን ቀይሩት፦ ዓይኗን ዘና አድርጋ ፈገግታውን በዝግታ ትጀምር፣ ዓይኗ መጥበብ ሲጀምር ትመለስ። ይህ ካልበቃ ጡንቻን የሚያላላው ቦቱሊነም መርፌ ይረዳል።

እስከ 3 ወር የቀረው ካልተመለሰ ወደ ነርቭ ሐኪም ውሰዷት። ጆሮዋ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። እጅ ወይም እግር ከደከመ፣ ንግግርም ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው።