ዝናብ ከመታው ፖስታ ላይ አሻራ ማውጣት አቃተኝ

የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ የጣት አሻራ ቴክኒሺያን ነኝ። ከፒያሳ አንድ የወረቀት ፖስታ በኤግዚቢትነት መጣልኝ። የክረምት ዝናብ ሲወርድበት ያደረ ነው፤ የመጣልኝም በፌስታል ተቋጥሮ ነው! ጥላ ውስጥ አደረቅኩትና በአሴቶን የተበጠበጠ ኒንሃይድሪን (አሻራን ሐምራዊ አድርጎ የሚያወጣ ኬሚካል) አስነካሁት። ሁለት ቀን ጠበቅኩ። ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታክል ደብዛዛ ሐምራዊ ነጠብጣብ ወጣች፤ መስመር የሚባል ግን የለም። ኒንሃይድሪን የሚይዘው በላብ ውስጥ ያለውን አሚኖ አሲድ ነው፤ እሱን ደግሞ ውሃ ያጥበዋል። ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። የአሻራውን ቅባት ግን ውሃ ቶሎ አይወስደውም። ቅባትን የሚያቀልመው ኦይል ሬድ ኦ አለኝ፤ ረጥቦ በነበረ ወረቀት ላይም አሻራ የሚያወጣው ፈሳሽ፣ ፊዚካል ዲቨሎፐር ግን የለኝም። የምፈራው አሴቶኑ ቅባቱን አሟሙቶት እንዳይሆን ነው። የሞከራችሁት ካላችሁ፣ አሁን ኦይል ሬድ ኦ ልጠቀም ወይስ ፊዚካል ዲቨሎፐር እስኪገኝ ፖስታውን ሳልነካው ልጠብቅ?