ፎልቱ (የምድር ዓለት ስንጥቁ) የሚንሸራተተው ለቅጽበት ከሆነ የመሬት መንቀጥቀጡ መዝገብ ለምን 20 ሰከንድ ይንቀጠቀጣል?

ጀማሪው፦ ሰላም ናችሁ? ቤቴ ውስጥ ትንሽ ሴይስሞሜትር (የመሬት ንዝረት መመዝገቢያ) አለኝ። ትናንት በመጠን 2.5 የተባለ መንቀጥቀጥ ያዘልኝ። መጀመሪያ ቀጭን ንዝረት መጣ፤ ከ3 ሰከንድ በኋላ ወፈር ያለው ተከተለ። ከዚያ እየደከመ 20 ሰከንድ ያህል ቆየ። ፎልቱ ይህን ሁሉ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሲል ነበር? ርቀቱንስ ከዚህ ማወቅ ይቻላል?

ዓለት ወዳድ፦ ፎልቱ አይወዛወዝም። ግራና ቀኙ ያለው ዓለት ለዓመታት ይገፋፋል፤ ሰበቃ ግን አላላውስ ብሎ ይይዘዋል። ስለዚህ ዓለቱ ይለመጥና ጉልበት ያጠራቅማል። ሰበቃው ሲሸነፍ በአንድ አቅጣጫ፣ አንዴ ሸርተት ብሎ ይቆማል። በመጠን 2.5 የሚንሸራተተው ቦታ ወርዱ ከ100 እስከ 200 ሜትር ቢሆን ነው። ሸርተቴው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። መሰንጠቁ በሰከንድ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ስለሚሮጥ ከ0.1 ሰከንድ በፊት ሁሉም ነገር ያልቃል።

20 ሰከንዱ የመንገዱ ጣጣ ነው። ሞገዱ ከዓለት ዓለት እየተጋጨና እየተበተነ ስለሚመጣ ተንጠባጥቦ ነው የሚደርስህ። መብረቅ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ነጎድጓዱ እንደሚንከባለለው ማለት ነው።

ሞገድ ቆጣሪ፦ ርቀቱ ቀላል ነው። ቀጭኑ ፒ ሞገድ ነው፣ ፈጥኖ ቀድሞ የሚደርሰው፤ ወፍራሙ ኤስ፣ ዘግይቶ የሚከተለው። የመድረሻቸውን ልዩነት በሰከንድ ለክተህ በ8 አባዛው፤ 3 ሲባዛ በ8፣ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግን ተጠንቀቅ! ይህ ጥልቀቱንም የሚጨምር ርቀት ነው፤ አቅጣጫውንም አይነግርህም። ቦታውን ለመለየት ቢያንስ የሦስት ጣቢያ መዝገብ ያስፈልግሃል።

ጀማሪው፦ ተባረኩ! አንድ ልጨምር፤ ጎረቤቴ «ዱም የሚል ድምፅ ሰማሁ እንጂ ምንም አልነቀነቀኝም» ትላለች። ይሆናል?

ሞገድ ቆጣሪ፦ በደንብ ይሆናል። የሚንሸራተተው ቦታ ባነሰ ቁጥር ንዝረቱ ፈጣን ነው። በሰከንድ ከ20 ጊዜ በላይ ከሆነ ጆሮ ይሰማዋል፤ ፒ ሞገዱ ከመሬት ወደ አየር ሲወጣ ድምፅ ይሆናል። ፈጣን ንዝረት ግን ሩቅ ሳይሄድ ይሞታል፤ ስለዚህ የሚሰሙት ቅርብ ያሉት ናቸው።

ዓለት ወዳድ፦ ለዚህም ነው የንፋስ ዝግምተኛ ንዝረት መዝገብህን ሲያበላሸው ከ2 ኸርዝ (በሰከንድ 2 ንዝረት) በታች ያለውን በፊልተር ብትቆርጠው የሚሻለው። ኤስ ሞገድን ደግሞ ወደ ጎን የሚለካው ቻናል ላይ ፈልገው፤ ወደ ላይና ታች በሚለካው ላይ ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ነው።