ሰማያዊው ሳፋ ላይ ነጭ ነጥብ አስቸገረኝ፣ ሲሌን ያዋጣኛል?

የገላኑ፦
ሰላም ለቤቱ። ገላን ውስጥ በአንድ ኢንጀክሽን ማሽን የፖሊፕሮፒሊን ሳፋ እንሠራለን። ሰማያዊ የቀለም ዱቄትና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ (ነጩን የቀለም ዱቄት) አደባልቀን በቀጥታ ሆፐር (የማሽኑ ማስገቢያ) ውስጥ ነው የምንጨምረው። ችግሩ ሳፋው ላይ ነጫጭ ነጥቦች ይወጣሉ። አንዱን በምላጭ ሰንጥቄ አየሁት፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነው፣ ጥፍሬ ላይ እንደ ኖራ ተፈረፈረ። ባለፈው ሳምንት መርካቶ ያለች ደንበኛዬ ሁለት ደርዘን መለሰችብኝ። አንድ ነጋዴ "መፍትሔው ሲሊኮን ነው" ብሎ አንድ ጠርሙስ ሸጠልኝ፣ ጨመርኩበት፣ ሳፋው አበራ እንጂ ነጥቡ አልጠፋም፣ ይባስ ብሎ የምናትምበት ምልክት በጣት ሲታሽ ይለቅ ጀመር። አሁን ደግሞ ሌላው ሲሌን ግዛ ይለኛል። ልዩነታቸው ምንድነው? እባካችሁ፣ ገንዘቤን ደግሜ ሳላቃጥል ንገሩኝ።

ኬሚስቷ፦
ወንድሜ፣ የገዛኸው የሲሊኮን ዘይት ይመስለኛል። ሁለቱም ውስጥ ሲሊከን ስላለ ነው ስማቸው የሚምታታው። ዘይቱ ዱቄቱን ያረጥበዋል እንጂ አይጣበቅበትም፣ ሲበዛም ወደ ላይ ይወጣና የማተሚያ ቀለም እንዳይዝ ያደርጋል። የደረሰብህ ይሄ ነው።

ሲሌን ግን ሁለት እጅ አለው በለው። በአንደኛው በኩል ያሉት አልኮክሲ የሚባሉ ክፍሎች እርጥበት ሲያገኙ ሲላኖል ወደሚባል መልክ ይለወጣሉ፣ ከዚያ ነጩ ዱቄት ገጽ ላይ ያለውን ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምር) አጥብቀው ይይዛሉ። በሌላው በኩል ያለው የካርቦን ጭራ ከፕላስቲኩ ጋር ይስማማል። ዱቄቱ እርስ በርሱ መጣበቁን የሚተወው ያኔ ነው። ለፖሊፕሮፒሊን ኦክቲል ትራይኢቶክሲ ሲሌን ፈልግ። መጠኑን ከ1 በመቶ ጀምር፣ እሱም ከዱቄቱ ክብደት እንጂ ከፕላስቲኩ አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ዱቄቱ በማደባለቂያ እየዞረ ቀስ እያልክ ትረጭበትና 100 ዲግሪ አካባቢ ታደርቀዋለህ። ሲደርቅ ኢታኖል ስለሚወጣ እሳት አታስጠጋ፣ በርና መስኮት ክፈት። ጠርሙሱ ላይ ትራይሜቶክሲ የሚል ከሆነ የሚወጣው ሜታኖል ነው፣ እሱ ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው፣ ይቅርብህ።

ሰማያዊው ፍታሎሲያኒን የሚባለው የተለመደ ሰማያዊ ቀለም ከሆነ ሲሌን የሚይዝበት ቦታ ብዙም የለውም። ነጩን ብቻ አክም።

እና ሳትገዛ በፊት ይህን ሞክር። በብርጭቆ ውሃ ላይ ነጩን ዱቄት ቆንጥረህ በትን። ከተንሳፈፈ ከፋብሪካው ታክሞ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ሲሌን አትግዛ።

የድሮው ፎርማን፦
እህቴ ያለችው ልክ ነው፣ ግን ማሽኑን አትርሱት። የኢንጀክሽን ስክሩ ያቀልጣል፣ ይገፋል፣ የተጓጎለ ዱቄት መበተን ግን ሥራው አይደለም። ባለ ሁለት ስክሩ ማሽን ያለው ሰው ካገኘህ መጀመሪያ ማስተርባች (ቀለሙ ቀድሞ በፕላስቲክ ውስጥ የተበተነበት ፍሬ) አሠራና እሱን ጨምር። እስከዚያ ባክ ፕሬዠሩን (ስክሩ እየዞረ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚገጥመውን ግፊት) ትንሽ ከፍ አድርገው። ጆንያዎቹንስ ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው የምታስቀምጣቸው? በክረምት እርጥበት ስቦ የጓጎለ ዱቄት በቀላሉ አይፈታም፣ ፓሌት ላይ አውጣቸው። በዚያ ላይ ነጩ ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት ተቀላቅሎ ከሆነ ሲሌን በደንብ አይዘውም፣ ለእሱ ስቴሪክ አሲድ ነው የሚሻለው፣ ዋጋውም ይቀላል።

የገላኑ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ውሃው ላይ በተንኩት፣ ወዲያው ሰመጠና ብርጭቆው ወተት መሰለ። ጆንያዎቹም እንዳልከው ወለል ላይ ነበሩ፣ የታችኛው እንደ ድንጋይ ሆኗል። ባክ ፕሬዠሩን ከፍ ሳደርገው ትልልቆቹ ነጥቦች ቀነሱ፣ ደቃቆቹ ግን አሉ። ኬሚስቷ፣ ለ50 ኪሎ ነጭ ዱቄት ግማሽ ኪሎ ሲሌን ይበቃኛል ማለት ነው?

ኬሚስቷ፦
አዎ። ግን መጀመሪያ በ5 ኪሎ ዱቄትና በ50 ግራም ሞክረው። የታችኛውን ጆንያ ግን አታስገባው። ከደረቀ በኋላ ያንኑ የብርጭቆ ሙከራ ድገመውና ውጤቱን እዚህ ጻፍልን።