በሸራ ጀልባ ውድድር ታሪክ የሴቶች ስም ለምን ጎደለ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በጅማ የስፖርት ሳይንስ መምህርት ነኝ። ስለ ሴቶች የስፖርት ታሪክ ለተማሪዎቼ ትምህርት ሳዘጋጅ በነፋስ ኃይል በሚነዳ የሸራ ጀልባ ውድድር ላይ ደረስኩ። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኦሎምፒክ ለስዊዘርላንድ የተሰለፈችው ኤሌን ደ ፑርታሌስ «ሌሪና» በተባለች ጀልባ ከባሏና ከባሏ የወንድም ልጅ ጋር አሸንፋ የመጀመሪያዋ ሴት የኦሎምፒክ ባለድል ሆናለች። ሆኖም ባነበብኳቸው ጽሑፎች ውስጥ ጎልታ የምትነሳው ከሳምንታት በኋላ በቴኒስ ያሸነፈችው ሻርሎት ኩፐር ናት። ኤሌን የተዘነጋችው በዘርፉ የነበሩት ሴቶች ጥቂት ስለሆኑ ነው ወይስ የክለቦቹ አመዘጋገብ ስለሸፈናት?

መልስ 1፦
የተከበሩ መምህርት፣ እኔ አመዘጋገቡን እጠረጥራለሁ። በዚያ ዘመን ውጤቱ የሚታወቀው በጀልባዋና በባለቤቷ ስም ስለነበር፣ ሸራውን የሚስበው ወይም ነፋሱ ሲበረታ ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ክብደቱን ወደ ጠርዝ የሚያደርገው ሰው ከስሙ ጋር የሚታወስበት ዕድል ጠባብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ፍራንሲስ ሪቬት-ካርናክ፣ በ1920 ደግሞ ዶሮቲ ራይት ወርቅ ያገኙት ከባሎቻቸው ጋር እኩል ሸራ ዘርግተው ነው፤ ነገር ግን ሲጠቀሱ እንደ ባል አጃቢ ነው። በአንጻሩ በ1928 በአምስተርዳም ያሸነፈችው ፈረንሳዊቷ ቪርዢኒ ኤርዮ ራሷ የጀልባዋ ባለቤት ስለነበረች ስሟ አልጠፋም። ልዩነቱ ከችሎታ የመጣ አይመስለኝም።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ይሁንና በሩ ራሱ ጠባብ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ለሴቶች ብቻ የተለየ የሸራ ጀልባ ውድድር በኦሎምፒክ የተጀመረው በ1988 በሴኡል ነው። ትሬሲ ኤድዋርድስም በ1989 እና 1990 ዓለምን በሚዞረው ውድድር የተሳተፈችው አሮጌ ጀልባ ገዝታ፣ ከጓደኞቿ ጋር ጠግና፣ ሴቶች ብቻ የሆኑ መርከበኞችን ሰብስባ ነው። «ሜይደን» የተባለችው ይህች ጀልባ ሁለት ዙሮችን አሸንፋ በምድቧ ሁለተኛ ወጣች።

መልስ 3፦
እህቴ፣ እኔም የጅማ ሰው ነኝ። ጥያቄዎ ከባሕር ርቆ ወደ እኛም ይመጣል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የመጨረሻውን መስመር ያለፈችው ራሷ ስለሆነች ስሟን የሚሸፍን አልነበረም፤ በቡድን ስፖርት ግን ሥራው የጋራ፣ ስሙ የአንድ ሰው ይሆናል። በአንድ ክለብ ውስጥ ለዓመታት ስሠራ መዋጮ የሚሰበስቡት፣ ለተጫዋቾች ምግብ የሚያዘጋጁትና ማልያ የሚሰፉት እናቶች ነበሩ፤ ቃለ ጉባኤው ግን «በኮሚቴው ትብብር» ብሎ ያልፈዋል። እኔም ያንን ቃለ ጉባኤ ከፈረሙት አንዱ ነኝ፤ ዛሬ ይቆጨኛል። ተማሪዎችዎን ወደ ደረሰኝ ጥራዝና ወደ ቤት ፎቶግራፎች ይላኩ፤ በፎቶው ጠርዝ የቆሙትን ሴቶች ስም ከጀርባው እንዲጽፉም ያድርጉ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኤሌንን ታሪክ ካስተማርኩ በኋላ የቤት ሥራው ይኸው ይሆናል፤ ፈቃደኛ ከሆኑ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ከእርስዎ ጋር ይሁን።