ከሠርግ በፊት የሚገረዝ ጎልማሳ፦ ለጤናውና ለትዳር ግንኙነቱ ምን ይለወጣል?

ነርስ ዘአዘዞ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልን። ጎንደር ውስጥ ከጋብቻ በፊት ምክር ከሚጠይቁ ወጣቶች አንዱ 26 ዓመቱ ነው። በሕፃንነቱ በ8ኛው ቀን ታሞ ስለነበር ግርዛቱ ታለፈ፣ በዚያው ቀረ። ሽንት አያስቸግረውም፤ ብልቱ ሲቆም ግን ሸለፈቱ ወደ ኋላ አይመለስም፣ በግድ ሲሳብ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ሠርጉ ጥር አጋማሽ ላይ ነው፣ አሁን የጥቅምት መጨረሻ ነው። ሦስት ነገር ያስፈራዋል፦ ስሜቴ ይጠፋል ወይ፣ የብልቴ መቆም ይዳከማል ወይ፣ ለሠርጉ እደርሳለሁ ወይ። አንድ የተሳሳተ ተስፋም አለው፤ «ከተገረዝኩ ኤች አይ ቪ አይዘኝም፣ ምርመራውም ይቅርብኝ» ይላል። ሰፈር ውስጥ ያለ ገራዥ በአንድ ቀን እንደሚጨርስለትም ነግረውታል። ለዚህ ልጅ የሚነገረውን በዝርዝር ብታስቀምጡልኝ።

ቀዶ ክፍል

እህቴ፣ ከሠርጉ ልጀምር፣ ቶሎ የሚያመልጠው ቀኑ ነውና። ከግርዛት በኋላ 6 ሳምንት፣ ማለትም 42 ቀን፣ ከግንኙነትም በእጅ ራስን ከማርካትም መታቀብ አለበት። ሠርጉ ጥር 15 ቢሆን ወደ ኋላ ሲቆጠር ታኅሣሥ 3 ላይ ይወድቃል። ያ ግን የመጨረሻው ጠርዝ ነው። ቁስሉ ቢያመረቅዝ ወይም አንድ ስፌት ቢከፈት አንድ ሁለት ሳምንት ይጨመራል። ስለዚህ ኅዳር ሲገባ ቢሠራለት ይሻላል፤ ኅዳር አጋማሽ ካለፈ ከሠርጉ በኋላ ባለው ጊዜ እንዲያደርገው ብትመክሪው እመርጣለሁ። በ3ኛው ሳምንት ከላይ ሲያዩት የዳነ ይመስላል። አዲሱ ቆዳ ግን ገና ስስ ስለሆነ በሰበቃ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውም ለበሽታ መግቢያ ይሆናል።

ከቀዶው በፊት የሚጠየቀውን እንዳትዘሉት። ጥርስ ሲነቀልለት ደሙ አልቆም ብሎ ያውቃል? በቤተሰቡ ደም ያለመርጋት ችግር አለ? ለመድኃኒት አለርጂ አለበት? የሽንት ቀዳዳው በታች በኩል ከሆነ አይገረዝም፣ ሸለፈቱ ቀዳዳውን ለመጠገን ያስፈልጋልና። ፈሳሽ ወይም ቁስል ካለበት መጀመሪያ ይታከም። በጉልምስና ሸለፈት ሲጠብቅ የደም ስኳር መለካት የግድ ነው፤ የስኳር ሕመም አንዳንድ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው በዚህ ነው። የሸለፈቱ ጠርዝ ነጣ ብሎ ጠባሳ ከያዘ ደግሞ የተቆረጠው ቆዳ ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል) ይላክ፣ አይጣል። የቲታነስ ክትባቱም አስቀድሞ ይታይ።

ለሠሪዎቹ፦ ማደንዘዣው አድሬናሊን የሌለው ሊዶኬይን ነው፣ ቢበዛ በኪሎ 3 ሚሊግራም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 180 ሚሊግራም፤ ይህም ከ1 በመቶው 18 ሚሊሊትር፣ ከ2 በመቶው 9 ሚሊሊትር ብቻ ነው። 2 በመቶውን እንደ 1 በመቶ ቆጥሮ መውጋት መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል፤ የሚጥልና ልብ የሚያቆም ስህተት ነው። ከወጉ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቆ በፎርሴፕስ (በሕክምና መቆንጠጫ) ቆንጠጥ አድርጎ መሞከር፤ ካመመው መጠበቅ ወይም ከተፈቀደው መጠን ሳያልፉ መጨመር።

ግንኙነትን በኋላ የሚያበላሸው የቴክኒክ ስህተት ይህ ነው፦ ሸለፈቱን አጥብቆ ስቦ መቁረጥ። ሲሳብ የብልቱ ግንድ ቆዳም አብሮ ይመጣል፣ ተቆርጦም ይሄዳል። ያን ጊዜ ብልት ሲቆም ቆዳው አይበቃም፤ ይወጠራል፣ ያማል፣ አንዳንዴም ይጎብጣል። ስለዚህ ብልቱ ባልተሳበበት ሁኔታ በብልቱ ራስ ዙሪያ ባለው ክፈፍ (ጠርዝ) ልክ በቀለም ይሰመርና በመስመሩ ይቆረጣል። ከውስጠኛው ስስ ሽፋን ከክፈፉ በታች ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። ከብልቱ ራስ ሥር ሸለፈቱን የሚይዘው ቀጭን ማሰሪያ ውስጥ የደም ሥር አለ፤ ቤት ከደረሱ በኋላ እንደገና የሚደሙት ብዙ ጊዜ እሱ በደንብ ስላልታሰረ ነው። ደም ለማቆም በአንድ ጫፍ ብቻ የሚሠራውን የኤሌክትሪክ መተኮሻ ብልት ላይ መጠቀም አደገኛ ነው፣ ሙቀቱ በግንዱ ሥር ድረስ ሄዶ ሥጋውን ሊገድል ይችላል። በክር ማሰር ይሻላል።

ሐኪም ማራኪ

የስሜቱን ጥያቄ እኔ ልመልስ። እዚህ ላይ ከአፍ አፍ የሚዞረው ከመረጃው በጣም ይበልጣል።

በጎልማሶች ላይ ጥሩ ማስረጃ የሰጡን በአፍሪካ የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች ናቸው። በኬንያ ኪሱሙ 2,784 ወንዶች በዕጣ ተከፍለው ግማሹ ወዲያው፣ ግማሹ ከሁለት ዓመት በኋላ እንዲገረዙ ተደረገ። በሁለት ዓመቱ ክትትል በብልት መቆም፣ ቶሎ በመጨረስ፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመምና በእርካታ ላይ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም። ከተገረዙት ውስጥ 64 በመቶው ብልታቸው ከበፊቱ ይበልጥ ስሜት እንዳለው ተናገሩ። በኡጋንዳ ራካይም በሁለቱም ወገን ከ100 ወንዶች 98ና ከዚያ በላይ በግንኙነታቸው ረክተው ነበር።

ቶሎ መጨረስን በተመለከተ፣ በአምስት አገሮች በሰዓት የተለካ ጥናት በተገረዙና ባልተገረዙ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ልጁ «ረጅም እቆያለሁ» ብሎ ከሆነ የሚገረዘው ያንን ተስፋ አውጡለት። የብልት መቆምም ከደም ሥሮች፣ ከነርቭ፣ ከሆርሞንና ከጭንቀት ነው፤ ሸለፈቱ ሥራ የለውም። በአንጻሩ የዚህ ልጅ ሸለፈት ጠባብና የሚሰነጠቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ግንኙነት ሲያደርግ ስለሚያመው ከግርዛት በኋላ ማሻሻያ የሚያገኘው እሱ ነው። እስከዚያው ሸለፈቱን በግድ አይሳብ። ወደ ኋላ ተስቦ ከክፈፉ በታች ከተያዘ የብልቱ ራስ ያብጣል፣ ደም መመለስ ያቅተዋል፤ ያ የሌሊት ድንገተኛ ነው፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር ጥናት)

በአንድ ነገር ብቻ ልከራከር። ሸለፈት ምንም ስሜት የሌለው ትርፍ ቆዳ ነው ብለን እንዳናስተምር። ውስጠኛው ሽፋንና ጠርዙ ለቀላል ንክኪ የሚነቁ ብዙ የነርቭ ጫፎች አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ በቀጭን ክር የተለካ ጥናት ከብልት ክፍሎች ለስስ ንክኪ በጣም የሚነቃው እሱ እንደሆነ ዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዴንማርክ የወጣ ጥናትም በተገረዙ ወንዶች ላይ ወደ እርካታ የመድረስ ችግር በርከት ብሎ አይቷል። ሰው ለግርዛቱ ፈቃዱን ሲፈርም ይህንን ማወቅ መብቱ ነው።

ሐኪም ማራኪ

ልክ ነህ ወንድሜ፣ የሰውነት አሠራሩ እውነት ነው፣ ይነገረው። ለስስ ንክኪ መንቃትና በግንኙነት መርካት ግን አንድ ልኬት አይደሉም። ዴንማርክ ውስጥ የተገረዘው ከ100 ሰው 5 ገደማ ብቻ ነው፤ እነዚህ ለምን እንደተገረዙ ሳይታወቅ ልዩነቱን በቀጥታ ከግርዛቱ ማድረግ ይከብዳል። በዕጣ የተከፈለ ሙከራ ይህን ችግር ስለሚያስቀር ነው እኔ ወደዚያ ያዘነበልኩት። ለልጁ እንዲህ በሉት፦ የስሜቱ ዓይነት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊለወጥበት ይችላል፤ የተሸፈነው ራስ አሁን ከልብስ ጋር ይነካካልና ለሳምንታት ይጎረብጠዋል፣ ከዚያ ይለምደዋል።

ነርስ ዘአዘዞ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኤች አይ ቪው ነገርስ? እጮኛውንም የሚመለከት ስለሆነ ሁለቱም በተቀመጡበት ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

የኤ.አር.ቲ. (የኤች አይ ቪ መድኃኒት) ባለሙያ

ሁለቱም ይስሙ፣ መልካም ሐሳብ ነው። በደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ፋርም፣ በኪሱሙና በራካይ የተደረጉት ሦስቱ ሙከራዎች ግርዛት ወንዱ ከሴት በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉን ከ50 እስከ 60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2007 ይህንን ተቀበለ። ቁጥሩን በትክክል ለመረዳት የኪሱሙን እንይ፦ በሁለት ዓመት ካልተገረዙት 4.2 በመቶ፣ ከተገረዙት 2.1 በመቶ ተያዙ። ተገርዘው የተያዙ አሉ ማለት ነው። እኛ አገር ደግሞ ከ10 ወንዶች 9ኙ ተገርዘዋል፤ ኤች አይ ቪ ግን አለ። «ተገርዣለሁና ምርመራ ይቅርብኝ» የሚለው በዚህ ይወድቃል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሸለፈቱ ውስጠኛ ሽፋን ስስ ነው፣ ቫይረሱ የሚይዛቸው ሕዋሳት ከላይ ቅርብ ሆነው ይገኙበታል፣ በግንኙነት ጊዜም በቀላሉ ይጫራል። ሲወገድ አንዱ መግቢያ ተዘጋ እንጂ የሽንት ቧንቧው እንዳለ ነው። ሄርፒስንና የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ኤች ፒ ቪን ወደ ሲሶ ያህል ይቀንሳል። ለጨብጥና ለክላሚዲያ ግን አይታመኑበት።

ለእጮኛው የሚነገረው ከዚህ ይለያል። ወንዱ ኤች አይ ቪ በደሙ ካለ ግርዛቱ ሚስቱን ከቫይረሱ አይጠብቃትም። በራካይ በዚህ ላይ የተደረገው ጥናት ጥበቃ አላገኘም፤ ቁስሉ ሳይድን ግንኙነት በጀመሩት ዘንድ ደግሞ የሚስቶች መያዝ ወደ ከፋ አዘንብሎ ታይቷል። ስለዚህ ምርመራው ከግርዛቱ በፊት፣ የሁለቱም ይሁን። ፖዘቲቭ ከሆነ መድኃኒቱን በሥርዓት ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ መድረሱ ነው እሷን የሚጠብቃት።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ይህ ሁሉ የወንድ ግርዛት ጉዳይ ነው። «ለወንድ ከጠቀመ ለሴትም» የሚል አሁንም ይሰማል። የሴት ልጅ ግርዛት አንድም የጤና ጥቅም የለውም፣ በምጥና በግንኙነት ጊዜ የሚያሠቃይ ጉዳት ነው፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ያስቀጣበታል።

ፋርማሲ ፒያሳ

ቤት የሚደረገውን ልጨምር፣ የሚበላሸው ብዙው እዚያ ነው።

ፋሻው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሳይርስ ይቆያል። ከደረቀ ቁስል ጋር ከተጣበቀ አይጎተትም፤ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ እስኪላቀቅ ይረጠባል። ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ በውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። አመድ፣ ቅቤ፣ የተቀጠቀጠ ቅጠል፣ አልኮል፣ ምንም አይደረግበት። ብልቱ ወደ እምብርት ቀና ብሎ እንዲያርፍ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ይልበስ፤ ወደ ታች ከተንጠለጠለ እብጠቱ ይበረታል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ከባድ ሸክም፣ ብስክሌትና ረጅም የዳገት መንገድ ይቅርበት። ሌሊት ብልቱ ሲቆም ስፌቱን ይስበዋል፣ ያማል። ከመተኛቱ በፊት ይሽና፤ ሲነቃም ተነሥቶ ጥቂት ይራመድ። በዚህ ብቻ ስፌት አይበጠስም።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባልና «በጾም ቁስል አይድንም» ይላሉ። ምስር፣ ሽሮ፣ አተርና ባቄላ በበቂ ከበላ ይድናል። ሕመም ሲሰማው ግን አይቡፕሮፌንን በባዶ ሆድ አይዋጥ፣ ጨጓራ ያደማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ከሆነ ፓራሲታሞል ይስማማዋል። አስፕሪን አይሆንም፣ ደም ያቀጥናል።

በ2ኛውና በ7ኛው ቀን ተመልሶ ይታይ። ክሩ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ራሱ ይወድቃል፣ አይጎተት። በቁስሉ ዙሪያ በመጀመሪያው ሳምንት የሚታይ ቢጫማ ስስ ሽፋን መግል አይደለም። መግል ወፈር ብሎ ይሸታል፣ ቆዳው ይቀላል፣ ትኩሳት ይከተላል። በንጹሕ ጎዝ 10 ደቂቃ ሳይለቁ ጨብጠው የማይቆም ደም፣ እየጨመረ የሚሄድ ጥቁር እብጠት፣ ሽንት አልወጣ ማለት፣ መንጋጋ መያዝ፤ ከነዚህ አንዱን ካየ ቀጠሮውን አይጠብቅ፣ ወዲያው ይሂድ።

ነርስ ዘአዘዞ

የሰፈር ገራዡን ነገር ማንም አልነካልኝም። ለሕፃናትም የሚጠራው እሱ ነው።

የሕፃናት ክፍል

ለጎልማሳው መልሱ አጭር ነው፣ አይሆንም። የጎልማሳ የደም ሥር ወፍራም ስለሆነ በመጫን ብቻ አይቆምም፣ መስፋት ይፈልጋል።

ለሕፃን በ8ኛው ቀን የሚደረገው ሥርዓት ሳይቀር በጤና ተቋም ሊደረግ ይችላል። ቀኑን የሚቃወም ሐኪም የለም፣ ሕፃኑ ደህና እስከሆነ ድረስ። ደም የሚያረጋው ቫይታሚን ኬ በተወለደ ሕፃን ሰውነት ውስጥ ጥቂት ነው፤ በዚህ እጥረት የሚመጣው መድማትም የሚበረታው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ቤት የተወለደ ሕፃን የቫይታሚን ኬ መርፌውን ስላላገኘ ከግርዛቱ በፊት 1 ሚሊግራም ይወጋ። ሳይደርስ የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ፣ ቢጫ የሆነ ወይም ጡት የማይጠባ ከሆነ ይቆይ፤ የታመመ ሕፃን ቀኑ ቢያልፈው የሚቆጣ ካህን የለም። ለአንድ ሕፃን ያገለገለ ምላጭ ለሌላው አይሆንም። እናቲቱ በእርግዝና የቲታነስ ክትባት መውሰዷም ይጠየቅ።

ለእናቶች አንድ ቁጥር ንገሪልኝ። 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰውነቱ ያለው ደም 250 ሚሊሊትር ገደማ ነው። አንድ ትንሽ የቡና ስኒ የማይሞላ ደም ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ይሆናል። ስለዚህ ጨርቁ ላይ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ ይጠብቁ፤ ጨርቁ እየራሰ ከሄደ ግን እየተጫኑት ወደ ሆስፒታል ይምጡ፣ ገራዡን እንደገና አይጥሩ። በ12 ሰዓት ውስጥ ካልሸናም ይምጡ።